ድፍርሱ እስኪዘቅጥ

በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው የሚሠሩት ሁሉ ኬሚስቷን «እትዬ» ይሏታል፤ ባሏን ደግሞ «ቫልቭ»። ቫልቭ የተባለው ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወሬም ሲያሰኘው ይከፍታል፣ ካላሰኘው ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ሁለቱም ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያው ጣቢያ ናቸው፤ የተያዩትም የተጋቡትም እዚያው ነው። የፈረቃ ነገር ሆኖ ግን ከተጋቡ ወዲህ የሚገናኙት በር ላይ ነበር። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። «ምሳ ድስቱ ውስጥ አለ»፣ «እማማ መድኃኒታቸውን ውጠዋል»፣ «አሮጌው ፓምፕ ዛሬም ያጓራል» ይባባላሉ፤ ትዳራቸው በዚህ በዚህ ተሰፍቶ የቆየ ነው። ልጃቸው አድጋ፣ አግብታ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ቤት የቀሩት የቫልቭ እናት ናቸው። ወገባቸው እምቢ ካላቸው ቆይቷል፣ ምላሳቸው ግን ገና ጎልማሳ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት ገና ከመግባቱ ወንዙ ተበላሸ። ከላይ ያለው ተራራ ደኑ ተመንጥሮ እርቃኑን ስለቀረ ዝናቡ አፈሩን እየጠረገ ወንዙ ውስጥ ይደፋዋል። ወደ ጣቢያው የሚገባው ነገር ውሃ መሆኑ የሚታወቀው ስለሚፈስ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ውሃ የሚያጠራው አሉም የሚሉት ነጭ ኬሚካል ነው። ተበጥብጦ ሲገባ ደቃቁን ጭቃ እየሰበሰበ ያጓጉለውና ወደ ታች ያዘቅጠዋል፤ ከላይ የቀረው በአሸዋ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ወደ ከተማው ይወርዳል። አሉም ከሌለ አሸዋው በጭቃ ይታፈናል፣ ክሎሪኑም ከጭቃው ጋር ሲታገል ኃይሉ ያልቃል።

አሉሙ ደግሞ እያለቀ ነበር። የሚያመጣው መኪና የሚያልፍበትን ድልድይ ጎርፍ በላው። የጣቢያው ኃላፊ ስለ ምንም ነገር ሲጠየቅ «በመንገድ ላይ ነው» ስለሚል፣ ሠራተኛው በሌለበት የሚጠራው «በመንገድ ላይ» እያለ ነው። መለዋወጫው በመንገድ ላይ ነው፣ የሠራተኛው ጫማ በመንገድ ላይ ነው፣ ዕድገቱ በመንገድ ላይ ነው። አሁንም አሉሙ በመንገድ ላይ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በለማጅነት ጣቢያው ሲገባ ያስተማረችው ኬሚስቷ ናት፤ ያን ጊዜም ቢሆን የለም ማለት ከአፉ አይወጣም ነበር።

ኬሚስቷ ያለውን አሉም ለማብቃቃት በየቀኑ ከመጠኑ እየቀነሰች ማስገባት ጀመረች። እሷ በቀነሰች ቁጥር የባሏ ሥራ ይጨምራል። ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይታፈናል፣ በታፈነ ቁጥር ውሃ ከሥር ወደ ላይ እየገፉ አሸዋውን ማጠብ ነው። ቫልቭ ቤት ሲገባ እንኳን ለወሬ፣ ጫማውን ለማውለቅም አቅም አልነበረውም። አንድ ቀን እናቱ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ሲያንጎላጅ አይተው፣ «የሰው ልጅ ልብስ ያጥባል፣ ዕቃ ያጥባል፤ የእኔው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲያጥብ ኖረ» አሉ። ሳቅ ያስፈለጋቸው ሰሞን ነበርና ቀልዱን ባልየው ለሚስቱ፣ ሚስትየው ለላቦራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ አደረሱት።

ኬሚስቷ የሽፈራውን ዛፍ ነገር ያሰበችው የዚያኑ ሳምንት ነው። ሞሪንጋ የሚሉትም አሉ። ከጣቢያው በታች ባለው ሰፈር የብዙ ቤት አጥር ነው፤ ቅጠሉን ሰው ያውቀዋል፣ ፍሬውን ግን ለልጆች መጫወቻ ከመሆን አልፎ ልብ ያለው የለም። እሷ በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምታ፣ አንድ በጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞክራው ነበር። የፍሬው አስኳል ሲወቀጥና በውሃ ሲበጠበጥ ጭቃውን እንደ አሉም ይሰበስበዋል። ሠርቶላት ነበር። አሉም መጋዘን ሙሉ እያለ ፍሬ የሚወቅጥ ማን ነው ብላ ተወችው እንጂ።

አሁን ከአጥር ጥግ ለቅማ ያመጣችውን ደረቅ ፍሬ ቅርፊቱን ገፍፋ ፈጨችው፣ በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በጨርቅ አጠለለችው። ከዚያ የወንዙን ውሃ በብርጭቆዎች ደርድራ፣ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ጨመረችና ማማሰያውን መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ በቀስታ አዞረችው። አጥፍታው ተቀመጠች። ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጭቃው መጀመሪያ እንደ ደቃቅ ፍርፋሪ ሆነ፣ ፍርፋሪው ተያያዘ፣ ከዚያ እየከበደው ቁልቁል ወረደ። መሐል ያለው ብርጭቆ ከበስተኋላው ያለውን ግድግዳ አሳየ። ደስ ሊላት ሲገባ መጀመሪያ የመጣባት ድካም ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ አየችው።

ሒሳቡን ሠርታ ነው ወደ ኃላፊው ቢሮ የገባችው። ለመላው ከተማ እንዲበቃ ከተባለ፣ በአካባቢው ያለ ፍሬ ሁሉ ቢለቀም ከአንድ ጠዋት አያልፍም። ያሰበችው ለጤና ጣቢያውና ከእሱ ጋር በአንድ መስመር ለተያያዙት ቦኖዎች ብቻ ነው። በጓሮ ያለው ሥራ የፈታው አሮጌ የቆርቆሮ ገንዳ ለብቻው ይሞላል፣ በፍሬው ይጠራል፣ ክሎሪን ይገባበታል፣ ቁልቁል ይለቀቃል። ለቀረው ከተማ ግን እውነቱ ይነገረው፤ ውሃው ድፍርስ ነው፣ አስቀምጣችሁ አጥልሉት፣ አፍልታችሁ ጠጡ ይባል።

ኃላፊው ስለ ገንዳው የተባለውን ቶሎ ተቀበለ። ሁለተኛው ነው የከበደው። ሕዝቡ ይደናገጣል፣ አለቆቹም ምን ይሉኛል አለ፤ ደግሞም አሉሙ በመንገድ ላይ ነው።

«የቱ መንገድ ላይ?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ለማድረግም አቅም አልነበራትም። «ድልድዩ የለም። እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። የማያውቀው ውሃውን ለልጁ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው።»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ዐይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም ለካ አይተኛም። በማግስቱ የከተማው ሰው የጣቢያውን መኪና በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ሰማ። የሚነዳውም የሚናገረውም ራሱ ኃላፊው ነበር። በየመንደሩ እየቆመ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ፣ «አሉሙ አልመጣም። መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» አለ። ሰዉ አልተደናገጠም። አንዳንዱ ተሳደበ፣ አንዳንዱ ማገዶ ፍለጋ ሄደ፣ አብዛኛው «ይኼን ለማየት ዐይን አይበቃም ኖሯል?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የፍሬው ጉዳይ የከተማው ችግኝ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ደረሰ። የችግኝ ጣቢያው ሰውዬ የሽፈራው ፍሬ በጆንያ ነበረው፣ ግን ለዘር ያስቀመጠው ነው። የተመነጠረውን ተራራ ዳገት መልሶ ለማልበስ ያሰበው በዚያ ነበር። ኬሚስቷ ፊት ቆሞ ጆንያውን በእጁ እየዳበሰ ብዙ አሰበ። ዘሩን ዛሬ ከፈጨን ለከርሞ ተራራው እንደተራቆተ ይቆያል፣ ወንዙም ይደፈርሳል አለ። ልክ ነበር፤ እሷም ልክ ነህ አለችው። በመጨረሻ ግማሹን ሰጣትና ግማሹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። የቀረውን የሰፈሩ ሰዎች ከአጥራቸው ለቀሙ።

ቀጥሎ ወቀጣው መጣ። የጣቢያው ወፍጮ የላቦራቶሪ ነው፣ ከአንድ እፍኝ በላይ አይችልም። የሠራተኞቹ ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች ከየቤታቸው ሙቀጫና ዘነዘና ይዘው መጥተው በላቦራቶሪው መተላለፊያ ተቀመጡ። የቫልቭ እናትም በአንድ ጋሪ ላይ ተጭነው መጡ። ልጃቸው ዕድሜውን ያሳለፈበትን ቦታ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ግራ ቀኙን ገላምጠው፣ ይኼ ሁሉ ቧንቧ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው ወይ ብለው ጠየቁና ቅርፊት የሚገፈፍበት ቦታ ተቀመጡ።

«የድሮ ሰው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላል» አሉ ትንሽ ቆይተው። «እኛ ግን ለውሃ ስንወቅጥ ማን ያምነናል?»

ሴቶቹ ሳቁ። የዘነዘናው ድምፅ ሳቁን አቋርጦ ቀጠለ። ማንም ብዙ አላወራም፤ በሁሉም ቤት ውሃ ተጥዶ መፍላት፣ ልጅ መታጠብ፣ ሕመምተኛ መታየት ነበረበት።

የመጀመሪያው ገንዳ ጠራ። ቫልቭ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ አየና ሲወርድ የሚስቱን ትከሻ ነካ አደረገ። በፍሬው ነገር ያላመነው እሱ ነበርና ለእሷ ይህ ይበቃታል። ውሃው ወደ ጤና ጣቢያው ወረደ፣ ቦኖዎቹ ላይ ጄሪካን ተሰለፈ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ኬሚስቷ ለሠራተኞቹ አንድ ትእዛዝ ሰጥታ ነበር፤ «እኔ ሳልል የገንዳውን ቫልቭ ማንም እንዳይነካ።» ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ለማስረዳት ጊዜም ትዕግሥትም አልነበራትም።

እንዲህ ሲሆን ነው እንቅልፍ የጣላት። ከሰዓት በኋላ የክሎሪኑን ልክ ልታይ ወንበር ላይ አረፍ አለች፣ ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ ዘመም አለ፣ አለቀ። ገንዳው ውስጥ የተረፈ ውሃ ነበር። ከመምሸቱ በፊት መደፋት፣ ገንዳውም መታጠብ ነበረበት። ባሏ መጥቶ አያት። ካፖርቱን አውልቆ አለበሳት፣ መተላለፊያውን ለሚያልፉት ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ዝም አሰኛቸው። ስትነቃ ነግቷል። በትእዛዟ መሠረት ማንም ስላልነካው የተረፈው ውሃ እዚያው እንዳለ፣ ጠዋት የገቡት ትእዛዙን ያልሰሙ ሠራተኞች አዲሱን በላዩ ሞልተው፣ የተለመደው ነው ብለው ለቀውት ነበር።

ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ደወለች። ውሃው ይሸታል አለች። የቆየ እንቁላል፣ የረጠበ ጨርቅ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ይሸታል። ቧንቧውን ዘግታለች፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን አልጋ ላይ ናት፣ ንጹሕ ውሃ የላትም።

ኬሚስቷ ስልኩን እንደያዘች ቀዘቀዘች። ወዲያው ነው የገባት። አሉም ድንጋይ ነው፣ አይበላሽም። ፍሬ ግን ፍሬ ነው። ቅባቱና ሌላው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ሲያድር ለተሐዋስያን ምግብ ይሆናል፣ ክሎሪኑንም ይጨርሰዋል። ታውቀው ነበር። መስመሩን ማስዘጋት፣ ቦኖዎቹ ላይ ሰው ማቆም፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ፈልቶ የተቀመጠውን ውሃ በጄሪካን መሙላት፣ ሁሉንም ሳትሮጥ ሳትቆምም አደረገችው። ባሏ ጄሪካኖቹን ተሸከመ። እስከ ጤና ጣቢያው በጭቃ ሄዱ።

አዋላጇ በር ላይ ጠበቀቻቸው። እጅጌዋን እስከ ክንዷ አጥፋለች፣ ጸጉሯ ከሻሽዋ አፈትልኳል። ኬሚስቷ ሰላምታ ሳታስቀድም ጥፋቱ የእኔ ነው አለቻት፣ እንዴት እንደሆነም ነገረቻት። አዋላጇ ጄሪካኑን ከቫልቭ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ያዳነን አፍንጫዬ ነው» አለች። «ባይሸት ኖሮ እታጠብበት ነበር፣ እሷንም አጥባት ነበር።» ከዚያ የጄሪካኑን ክዳን ከፍታ አሸተተች። «ነገም ላኪልኝ። ግን የማምነው በአፍንጫዬ ነው።»

ልጁ ከቀትር በኋላ ተወለደ፤ ወንድ ነበር፣ ደህና ነበር። ቦኖው ላይ ቀድተው ከጠጡት ሰዎች ጥቂቶቹ ሆዳቸውን አመማቸው፣ የባሰ ነገር ግን አልመጣም። ኬሚስቷ ይህን ሁሉ የሰማችው ገንዳው አናት ላይ ተቀምጣ ነው። ባሏ በአናቱ ቀዳዳ ገብቶ የገንዳውን ግድግዳ በብሩሽ እየፈተገ ነበር። ከላይ መብራት ይዛለታለች።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አለችው።

ብሩሹ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

«ስትተኚ ካየሁሽ ስንት ዘመን ሆነኝ» አለ። ድምፁ ቆርቆሮው ውስጥ ይጮኻል። «አፍሽን ከፍተሽ ነበር። ልቀሰቅስሽ ነበር የመጣሁት፤ ሳይሽ አቃተኝ።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«እሱን አላሰብኩም። ያሰብኩት አንቺን ነው።»

ልትቆጣ አሰበች፣ ቁጣው ግን እጇ ላይ እንዳለው የደከመ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ገንዳው መደፋት እንዳለበት እሱ በምን ያውቃል? ማን ነገረው? ያን ሁሉ ሰው ፍሬ ስታስገፍፍ፣ ስታስወቅጥ፣ የተወቀጠው ነገር ሲያድር ምን እንደሚሆን ለአንድም ሰው አልተናገረችም። ሁሉንም ነገር ራሷ ላይ አስራ ሲከብዳት ወደቀች። ይህንን ለባሏ እዚያው ነገረችው፣ እንደ ትምህርት አድርጋ ሳይሆን እንደ ስሞታ። እሱም እየፈተገ አዳመጣት፤ አንዳንዱን ደግመሽ ንገሪኝ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹንና የሚወቅጡትን ሴቶች ሰብስባ ለሁሉም አስረዳች። አማቷ ሰምተው ሲጨርሱ፣ የትናንት ምግብ ዛሬ እንደማይበላ ለማን ይነገራል፣ ይኼን ከመጀመሪያው ብትይን ኖሮ እኛው እንደፋው ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተረፈው ውሃ ሳይመሽ ይደፋል፣ ገንዳው ይፈተጋል። እሷ ባትኖርም ይደፋል። አዋላጇ በየጠዋቱ ቧንቧውን ከፍታ ታሸታለች፣ ከዚያ ደውላ «ይሁን» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ዝናቡ ሲሳሳ መሻገሪያ ተበጀና አሉሙ መጣ። ጆንያዎቹ ሲራገፉ ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ቆሞ አየ፣ ከዚያ ወደየሥራው ሄደ። ቧንቧው ጥርት ያለ ውሃ ማውረድ በጀመረ ሰሞን የከተማው ሰው የውሃው ግፊት አነሰ ብሎ ማማረር ጀመረ። አማቷ ወገባቸው ብሶባቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ኃላፊው ፍሬውን ለሁልጊዜ እንጠቀምበት ወይ ብሎ ኬሚስቷን ጠየቃት። ለከተማ አይሆንም አለችው፤ ይህን ሁሉ ሰው የሚችል ፍሬም ጉልበትም የለም። ለጥቂት ቤት ግን ይሆናል። ከዚያ ለራሷ አንድ ነገር ለመነችው፣ ከባሏ ጋር በአንድ ፈረቃ እንዲያደርጋቸው። በዚያው ሳምንት አደረገላት።

ለጥቂት ቤት ይሆናል ያለችውን አዋላጇ ሰምታ ኖሮ አለቀቀቻትም። ከወንዙ ማዶ ዳገት ላይ ቧንቧ ያልደረሰላቸው ቤቶች አሉ፤ ሆዳቸውን የታመሙ ልጆች የሚመጡባት ከዚያ ነው። ኬሚስቷ ጉልበቴ አይችልም አለች፣ ዕረፍቴ አንዲት ቀን ናት አለች። ሄደች ግን። ባሏም ባልዲውን ተሸክሞ ጉልበቱን እየረገመ ተከተላት።

የማዶዎቹ ሴቶች አጥራቸው ላይ ሽፈራው አላቸው። እንዴት እንደሚገፈፍ፣ እንደሚፈጭ፣ በጨርቅ እንደሚጠልል አሳየቻቸው። ሌላውን ሁሉ ከመናገሯ በፊት ግን የዕለቱን በዕለቱ ተጠቀሙ፣ የተረፈውን ድፉ፣ የሚጠጣውን አፍሉ አለች። ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከዚያ የጭቃውን ባልዲ አማስላ ዱላውን አወጣችና አሁን ምንም አይነካም፣ የምንጠብቀው እስኪዘቅጥ ነው አለች።

አንዲቱ ሴት እስከዚያ ምን እንሥራ ብላ ጠየቀች። ኬሚስቷ አሰበች። የሚሠራ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ወደየቤታቸው ገቡ፣ እሷና ባሏ ከባልዲው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ወንዙ ይታያል፣ ከወንዙ ወዲያ የጣቢያው ቆርቆሮ። ቫልቭ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ። ትከሻዋን ወደ ትከሻው አስጠጋች፤ እሱም ከበደኝ አላለም። ባልዲው ውስጥ ጭቃው ገና ፍርፋሪ ፍርፋሪ መሆን መጀመሩ ነበር፤ የሚያቻኩላቸውም አልነበረም።